ያልተነካውም ይታጠባል

የእትዬ ይታይሽን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ ቆሜ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲነዝር ጓንቴን አውልቄ አየሁት። መልእክቱ የልጃቸው የኦርሊ ነው። «እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «የሐዘኑ ሰባት ቀን ሳያልፍ ቤት ነይ፤ አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ» ብላ ጨምራለች። ስልኩን መለስኩ፤ አዲስ ጓንት አጠለቅሁ፤ የጀመርኩትን የመሣሪያ ትሪ በሰማያዊው ጨርቅ ጠቅልዬ ጨረስኩ። ቀጥሎ የመጣውንም ጠቀለልኩ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ ልቤ ሌላ ቦታ ቢሆንም ይጨርሰዋል። እንዲህ አድርገው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

ቀብሩ ላይም እንደዚያው ነበርኩ። አልቃሿ ስማቸውን እያነሣች ስታስለቅስ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ የቆምኩበትን ጠጠር እያየሁ ቆየሁ። አንዲት ዘመዳቸው ክንዴን ይዛ «አልቅሺ ልጄ፣ ይወጣልሻል» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ አልወጣልኝም። ከሞታቸው ይልቅ የከበደኝ የኦርሊ ጥያቄ ነበር። ምን እንደምትጠይቀኝ ገምቻለሁ። አባቷ ጋሽ ታከለ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ቀን፣ ሥራ ቦታ እናቷ አጠገብ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ይታይሽ ያን ቀን ያዩትን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም አፌን ዘግቼ ኖርኩ። ልጅቷ ፊት ለፊት ከጠየቀችኝ የሟች እናቷን ምስጢር ላውጣ ወይስ ልዋሽ?

ለማያውቃቸው ሰው መጀመሪያ ሥራችንን ልንገር፤ ያለ ሥራው እሳቸውን ማሳየት አልችልም። የምንሠራው እዚህ እስራኤል፣ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍሎች የሚወርዱት መሣሪያዎች የሚታጠቡት፣ የሚጠቀለሉትና በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዱት እዚያ ነው። ክፍሉ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወዲህ ቆሻሻው ወገን፣ ወዲያ ንጹሑ ወገን። ግድግዳው ውስጥ ሁለት ሁለት በር ያላቸው ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች ተተክለዋል። በወዲህኛው በር የቆሸሸው ይገባል፤ በወዲያኛው የታጠበው ይወጣል፤ ሁለቱ በሮች አብረው አይከፈቱም። ንጹሑ ወገን ያለ ሰው ዕቃውን አይቶ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ እንፋሎት ማሽኑ፣ ወደ አውቶክላቭ ያስገባል። ከዚያ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ላይ፣ ከላይ እንደገና ወደ እኛ። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰውም ቢሆን ከቆሻሻው ወደ ንጹሑ የሚሻገረው ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ ነው።

እኔ ሥራ በገባሁ ሰሞን፣ ይህን ሁሉ በዕብራይስጥ ያስተማረችን አንዲት ሴት ነበረች። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሳጥንና ቀስት እያሳየች፣ አንዱ ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ማን ለማን እንደሚያስረክብ ታስረዳለች። ከእኔ ጋር የገቡት ሁለቱም የጎንደር ሴቶች ነበሩ። እርስ በርሳችን እየተያየን «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ እንላለን እንጂ የገባን ነገር አልነበረም። የቆሻሻው ወገን ኃላፊ እትዬ ይታይሽ ከኋላ ቆመው ያዩን ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ሦስታችንንም ግድግዳው ሥር ወሰዱን።

«አገራችሁ የመርገም ጎጆ አላያችሁም?» አሉን።

ያላየ ማን አለ። በእኛ በቤተ እስራኤል መንደር ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ፣ ስትወልድም፣ ከቤት ወጥታ ለብቻዋ ወደ ተሠራች ትንሽ ጎጆ ትገባለች። ጎጆዋ ዙሪያዋን በድንጋይ ተከብባለች። ምግብ የሚያመጣላት ሰው ድንጋዩ ጋ አስቀምጦ ዞር ይላል፤ እሷ ወጥታ ታነሣለች። እጅ ለእጅ የለም። ጊዜዋ ሲያልቅ ወንዝ ወርዳ፣ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኔም ልጅ ሆኜ ለእናቴ ቆሎ በሰሃን ይዤ ድንጋዩ ጋ ቆሜያለሁ።

እትዬ ይታይሽ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። «ይኸው ድንጋዩ። ወዲህ ያለሽው አስቀምጠሽ ዞር ትያለሽ፤ ወዲያ ያለችው ታነሣለች። ማሽኑ ደግሞ ወንዙ ነው። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም» አሉ።

ገባን። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባን። በሳምንቱ ቆሻሻው ወገን ያለነው ሴቶች፣ ንጹሑ ወገን ላሉት በምሳ ዕረፍት እንኳን ዕቃ በእጅ አንሰጥም ነበር። ሻይ ቀድተን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ዞር እንላለን፤ እነሱም መጥተው ያነሣሉ። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም፤ እጃችን ራሱ ነው ያደረገው። ሥራ አስኪያጃችን ሉዳ፣ ከሩሲያ የመጣች ደግ ግን በጣም የምትጨነቅ ሴት፣ ይህን አይታ ኢትዮጵያውያኑ ተኳርፈዋል ብላ ደመደመች። ከሰው ኃይል ክፍል አስታራቂ ተጠራች። አስታራቂዋ ክብ አድርጋ አስቀመጠችንና ቀይ ኳስ አውጥታ፣ አንዳችን ለአንዳችን በእጅ እየሰጠን ስለ ሰጠናት ሴት አንድ ጥሩ ነገር እንድንናገር ጠየቀች።

ኳሱ እትዬ ይታይሽ ዘንድ ሲደርስ ለእኔ መስጠት ነበረባቸው። አዩኝ፤ እኔ የዚያን ቀን ንጹሑ ወገን ነኝ። ኳሱን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡና ዞር አሉ። አነሣሁት። አስታራቂዋ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። እኛ ግን ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ሉዳ ሳይገባት አብራ ሳቀች። እትዬ ይታይሽ ብቻ አልሳቁም። ሥራ ላይ አይስቁም፤ «ሳቅ እጅን ያዘናጋል» ይላሉ።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የላስቲክ ሽርጣቸው ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ሴት ነበሩ። መነጽራቸው ሁልጊዜ በእንፋሎት ይደበዝዛል፤ በክንዳቸው ይጠርጉታል፤ መልሶ ይደበዝዛል። ሁሌም የሚሉት አንድ ነገር ነበር። አንድ ትሪ ወደ ላይ ሲወጣ ብዙ መሣሪያ ይዞ ነው፤ ሐኪሙ ከዚያ ውስጥ የሚያነሣው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው እንዳበራ ይመለሳል። አዲስ ሠራተኛ የሚያበራውን በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ለማሳለፍ ይቃጣዋል። «ያልተነካውም ይታጠባል» ይላሉ ያን ጊዜ። «እዚያ ክፍል ከገባ ገብቷል።» አንድ የሥራ ባልደረባችን ወንድሙ ታስሮበት ሰው ፊት መቅረብ ሲያፍር፣ «አንተ ምን አደረግህ? ግን እዚያ ቤት ውስጥ ነህ። እንግዲህ ቻለው፤ ያልተነካውም ይታጠባል» ሲሉት ሰምቻለሁ። ማጽናኛ ይሁን ተግሣጽ ዛሬም አላውቅም፤ ሰውየው ግን በማግሥቱ ቀና ብሎ መጣ።

ትሪ ማንበብም ይችሉ ነበር። እዚያ ክፍል የቆየን ሁሉ ጥቂት ጥቂት እንችላለን፤ ምን እንደቆሸሸና ምን እንዳልቆሸሸ አይተን ላይ ምን እንደነበረ እንገምታለን። እሳቸው ግን አንድ ጊዜ አየት አድርገው «ዛሬ ደም አስቸግሯቸዋል» ወይም «ይኼ ሐኪም አዲስ ነው፣ ሁሉንም አንሥቶ ሞክሯል» ይላሉ። ከዚያ ለማያውቁት በሽተኛ «እግዜር ይማረው» ብለው ብሩሻቸውን ያነሣሉ። የማን ትሪ እንደሆነ አናውቅም ነበር። ትሪ ትሪ ነው።

ባርኮድ የመጣ ጊዜ ይህ ተለወጠ። አንድ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ የየአንዳንዳችንን ሥራ ሰሌዳ ላይ በሳጥን ሣለ፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን መስመር አሰመረ፤ ከዚያ በየጣቢያው ስክሪን ተሰቀለ። ትሪው በደረሰበት ሁሉ ድምፅ እያሰማ ይመዘገባል፤ ከየትኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል እንደወረደና በስንት ሰዓት እንደወረደ ይጻፋል። እኛ አጉረመረምን፤ ሊሰልሉን ነው አልን። እትዬ ይታይሽ ግን ወደዱት። «ደግ ነገር ነው። እኔ ባጠፋ ይቺ ትነግረኛለች፣ ሳታኮርፍ» አሉ። ልጁን ሻይ አፍልተው አጠጡት። ሻዩን ግን እጁ ላይ አልሰጡትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

ጋሽ ታከለን ሆዳቸውን ማመም የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ነሸር የምትባል ከተማ ውስጥ የመንገድ ዳር አትክልት ሲኮተኩቱ የኖሩ ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ተለምነው ነው። በመጨረሻ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነው፤ ጠዋት ገብተው ወደ ማታ ይወጣሉ፤ ዕጢውን ካወጣነው ተስፋ አለ» አላቸው። ስለዚህ ርዝመቱ ራሱ ተስፋ ነበር። ከረዘመ እያወጡት ነው ማለት ነው።

ቀኑ ዝናባማ ነበር። ሉዳ «ዛሬ ቤት ሁኚ፣ ወይም ላይ ከልጅሽ ጋር ተቀመጪ» ብላ ለመነቻቸው። «ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ? ማታ ነው የሚወጣው፤ ሥራዬን ሠርቼ እወጣለሁ» አሉ። ኦርሊ ላይ መጠበቂያው ክፍል ተቀመጠች፤ እትዬ ይታይሽ ከእኔ ጋር ቆሻሻው ወገን ቆሙ። ባላቸው የገቡበትን ክፍል ቁጥር ጠዋት ሉዳ ነግራቸዋለች። ስለ ጋሽ ታከለ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

የቁርስ ዕረፍታችን ገና አልደረሰም ነበር። አሳንሰሩ ተከፈተና ጋሪው ወረደ። እትዬ ይታይሽ የላይኛውን ትሪ ጎትተው ባርኮዱን አስነበቡ። ስክሪኑ የክፍሉን ቁጥር ጻፈ። እኔም አየሁት፤ የጋሽ ታከለ ክፍል ነው።

ክዳኑን ከፈቱ። ቆዳ የሚከፍተው የቢላዋ እጀታ ደም ነክቶታል። ለመስፋት የሚያገለግለው የመርፌ መያዣም ነክቶታል። በመካከል ያለው ሁሉ፣ የደም ሥር መቆንጠጫዎቹ፣ ረጃጅሞቹ መቀሶች፣ ጠዋት ከእኛ እንደወጡ ያበራሉ። ከፍተዋል፣ አይተዋል፣ ዘግተዋል። የሚወጣ ነገር አልነበረም።

«እትዬ…» አልኩ።

«ውሃውን ክፈችው» አሉኝ።

ከፈትኩ። መነጽራቸው ደበዘዘ፤ አልጠረጉትም። ቢላዋውን አጠቡ። የመርፌ መያዣውን አጠቡ። ከዚያ የሚያበሩትን አንድ በአንድ እያነሡ፣ መገጣጠሚያቸውን እየከፈቱ፣ በብሩሽ ይፈትጉ ጀመር፤ ከሌላው ቀን አልፈጠኑም፣ አልዘገዩም።

«ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቱ ወደ ላይ ውጡ፤ ኦርሊ ብቻዋን ናት።»

«ትሪው ለከሰዓት ይፈለጋል። ሌላ ሰው ተኝቶ ይጠብቀዋል።»

«እኔ አለሁ እኮ!»

«እንዳለሽማ አውቃለሁ» አሉና ቀጠሉ።

«ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ሌላ ቀን ሊመልሱት አስበው…» አልኩ። እኔም ያልኩትን አላመንኩትም።

«እንጃ» አሉ።

የመጨረሻውን መቀስ አስቀመጡ፤ ትሪውን ማሽኑ ውስጥ ገፉት፤ በሩን ዘጉት፤ ውሃው ሲጀምር ሰማን። ያን ጊዜ ሽርጡን ፈቱ፤ ጓንቱን አወለቁ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። በጣም ቆዩበት። አንድ ነገር እያሰቡ ነበር፤ ፊታቸው ሥራ ሲያቀናጁ እንደሚሆነው ነበር፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚሉ ጊዜ። ያኔ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ወርቄ፣ ይኼ ነገር ከዚህ ግድግዳ እንዳያልፍ።»

«እሺ» አልኩ። ወጡ።

ላይ ምን እንደሆነ አላየሁም። ሐኪሙ ለእትዬ ይታይሽና ለኦርሊ መጥቶ መናገሩን ከሰዓት በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ሰማሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብዙ ቀን ጠበቅኋቸው። በሳምንቱ ሥራ ገቡ፤ ብሩሻቸውን አነሡ፤ ስለዚያ ጠዋት እንዳልነበረ ሆኑ። እኔም ሆንኩ። ሰው ሊያዝን ሲገባው ቀጣዩ ትሪ ይመጣል፤ ትሪውን ይይዛል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላው ይመጣል። እኛ ቤት ሐዘን ቦታ ያልተሠራለት ነገር ነው።

ፋሲካን የሚቀድመው የፑሪም በዓል ሳይገባ ኦርሊን ዳርን። ጋሽ ታከለ በጣም ከስተዋል፤ ሱሪያቸው በቀበቶ ተሰብስቧል። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በትከሻቸው ብቻ ጨፈሩ፤ እትዬ ይታይሽ ፊት ለፊታቸው ቆመው መለሱላቸው። ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ታከለ ሞቱ። «ልጁን ድሮ ነው የሞተ፣ ዕድለኛ ነው» አለ ሰው ሁሉ። እኔም ዕድል ነው አልኩ። እትዬ ይታይሽ ሰባቱን ተቀምጠው ተመለሱ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ቆሻሻው ወገን ሠሩ። በኋላ ልባቸው ደከመ። አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ የምናወራው ስለ ማሽኖቹ ነበር።

በሰባቱ ማብቂያ ላይ ከምኖርበት ከሀዳር ወርጄ፣ ባቡር ይዤ እትዬ ይታይሽ ቤት ክርያት ሐይም ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ጸሎት ሊቆሙ ቦታ ያመቻቻሉ። ኦርሊ ለሐዘን ከተቀመጠችበት ዝቅተኛ ወንበር ተነሥታ ወደ ሰገነቱ ወሰደችኝና በሩን ዘጋች። የእናቷ ትከሻ ነው ያላት።

«ወርቄ፣ እንዳትሸውጂኝ። አባዬ ኦፕራሲዮን የሆነ ቀን፣ እማዬ ወደ ላይ ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?» አልኩ፣ ለማምለጥ ያህል።

«ከፍተው እንደዘጉት።»

እሷ ቀጠለች።

«ልብሷን ቀይራ፣ ሻሿን አስተካክላ ነው የመጣችው። የመጠበቂያው ክፍል ሰሌዳ አባዬ ገና በቀዶ ሕክምና ላይ ነው ይል ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለችና ‹በይ እስቲ ስለ ሠርግሽ እናውራ፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ያሳብዳል› አለችኝ። ሠርጌ እኮ ለበጋ ነበር፣ ከፋሲካም አልፎ፣ ከሻቩዖት በዓል በኋላ። ‹በበጋ ሰው ሁሉ ያገባል፤ ያን የምትወጂውን ዘፋኝ አታገኚውም። ፑሪም ሳይገባ ብታደርጊውስ?› አለች። እማዬ አበድሽ ወይ አልኳት። ሳቅን። ማማሽ፣ የምር ሳቅን፣ ሰዎቹ ዞር ብለው እስኪያዩን። እዚያው ቁጭ ብዬ አዳራሹ ጋ ደወልኩ፣ ቀን ያዝኩ። ሐኪሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ከሰገነቱ በታች አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር። አላውቅም ልላት እችል ነበር፤ ታምነኝ ነበር። ነገር ግን እናቷ ሄደዋል፤ ግድግዳውም አብሯቸው የፈረሰ መሰለኝ።

«ያውቁ ነበር» አልኳት። «ትሪው እሳቸው ጋ ነው የወረደው። አጥበውት ነው ወደ አንቺ የወጡት።»

አላለቀሰችም። የሰገነቱን ብረት ይዛ ቆየች።

«ቤሰደር» አለች ቀስ ብላ። «ሠርጉ ሊደርስ ሲል አባዬ ክፍሌ ገባ። አልጋዬ ላይ ቁጭ አለና ‹እውነቱን ንገሪኝ። ሠርጉን ያስቸኮላችሁት እኔ ልሞት ስለሆነ ነው? እንደዚያ ከሆነ አልመጣም፤ በገዛ ለቅሶዬ ላይ አልጨፍርም› አለኝ። እኔ ደግሞ ስዋሽ ፊቴ ያሳብቅብኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። እሱም ያውቃል፣ እማዬም ታውቃለች። ግን መዋሸት አላስፈለገኝም። ‹አባዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ቀኑን የያዝኩት ሐኪሙ ሳይወጣ ነው፣ ምንም ሳላውቅ፣ እየሳቅሁ› ብዬ ማልኩለት። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ አየኝ፣ አየኝ።»

ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጸሎቱን ጀመሩ። ዓይኔ መሙላት ጀመረ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«አመነኝ» አለች።